የአሳማ ዳኛው

የዌክስቦሮ መዝገብ በእጄ ነው የተጻፈ፤
ሠላሳ አንድ ክረምት በዚህ ብዕር አለፈ፤
ምድጃ በሌለው በጸሎቱ ቤት ውስጥ፣
ቀለሙ ሲረጋብኝ በብብቴ ሳቀልጥ።

በመጋቢት ሰኞ፣ ጭቃውን እያቦካ፣
ይመጣል ወንዱ ሁሉ ሹመት ሊለካካ።
በቆሎ ማለት እሺ፣ ባቄላ ማለት እምቢ፤
ባርኔጣ ይዞራል እንደ ምጽዋት ሰብሳቢ።

ቤርዜሊ ታትልን፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ፣
ገና ሳይላመድ ጎጆው ከነሚስቱ፣
«የአሳማ ዳኛ ይሁን» ብለን ሾምነው በሳቅ፤
ሙሽራ ላይ መቀለድ ልማድ ነው፣ የሚታወቅ።
እሱ ግን አልሳቀም። ኮፍያውን አወለቀ፣
«ሕጉን አንብቡልኝ» ብሎ እኔን ጠየቀ።

ቀለበት የሌለው አፍንጫው ላይ ታስሮ
አሳማ ከታየ ከሰው ማሳ ሰፍሮ፣
ወደ በረት ይነዳል፣ ባለቤት ይቀጣል፤
ሕጉ ይኸው ነበር፤ ማን ቁም ነገር ይለዋል?

በሰኔ በአንዱ ቀን ቤርዜሊ ጎትቶ
አመጣ ሰባ እሪያ ከቦይ ውስጥ አውጥቶ።
«የማን ናት?» «የአማቴ።»
«ስንት ልጻፍ?» «ሙሉውን።»
አማቱ ዓመት ሙሉ ነፈገው ሰላምታውን።
ሚስቱም ጀርባ ሰጠችው እስከ አተር ነቀላ፤
በዓመቱ ግን ባርኔጣው ውስጥ አልተገኘም ባቄላ።

ከአሳማ ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ መንገድ፣
በየመጋቢቱ ሹመት ከሹመት ሲወለድ፣
ድልድይ አሠራልን። ግንዱን ተሸክሞ፣
በጥቅምት ውሃ ውስጥ እስከ ደረቱ ቆሞ፣
ምሰሶ የተከለው ሲፒዮ ላርከም ነው፤
በወታደር ደሞዝ ነጻነቱን የገዛው።
እህቱ ደቡብ ቀርታለች፣ ከነልጆቿ ባሪያ፤
ስሟን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ አያውቅላትም ማደሪያ።

ቤርዜሊን ለኮንግረስ መርጠን የላክን ለታ
ሲፒዮ ወረቀት ይዞ በሩን አንኳኳ ማታ።
አሥራ ዘጠኝ የመስቀል ምልክት፣ ሁለት ብቻ ፊርማ፤
«በትልቁ አዳራሽ ይነበብልን፤ ይሰማ።»
ቤርዜሊ ተቀበለው፣ በደረት ኪሱ ከተተው፤
«እንደ ሕጉ» አለና እጁን ጨበጠው።

ደብዳቤው አጭር ነበር፦
«ዋና ከተማው ረግረግ ነው።
ከአዳራሹ ሥር እንቁራሪት ይጮኻል።
በአንድ ክፍል ስድስት ነን፤ አንዱ ያንኮራፋል።
ሁሉም ይናገራል፣ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት።
ከመስኮቴ ማዶ ሰው ይሸጣል በጨረታ።
ሻጩ ጥርስ ይቆጥራል።
የእኛ አገር ከብት ነጋዴ እንኳ
እንደሱ አይጠነቀቅም።»

አራት ክረምት ተቀመጠ። ስለ ዓሣ ቀረጥ ተናገረ፣
ስለ ፖስታ መንገድ። አንድ ማለዳ ሊነሳ ሞከረ፤
ጎረቤቱ ክንዱን ያዘው፦ «ዛሬ አይሆንም፣ ወንድም፤
ያለ ደቡቦቹ ድምፅ ወደባችሁ አይከፈትም።»
ተቀመጠ።
ወደቡ ተከፈተ።

ሲመለስ በድልድዩ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።
ሲፒዮ ሳንቃ ይቀይራል፤ ቀና እንኳ አላለም።
ቤርዜሊ ከፈረሱ ወርዶ እጁን ከኮቱ ከተተ፣
ወረቀቱን አወጣው፣ የአራት ክረምት ላብ ጠጥቶ የሻገተ።
«አልተነበበም» አለ።
ሲፒዮ ሚስማሩን መታ። ደግሞ መታ።
«የአማትህን እሪያ ስትጎትት አይቼህ ነበር» አለው።
«ለዚያ ሰውዬ ነው የሰጠሁት።»

መጋቢት መጣ፤ ሰኞ። ጭቃው ያው ጭቃ ነው።
ቤርዜሊ ቆመና ያን ወረቀት ዘረጋው፤
ለአርባ ገበሬ፣ ምድጃ በሌለበት፣
ከአራት ዓመት በኋላ፣ ያለ ቦታው አነበበው።
ስሙ ላልተጻፈ ሁሉ «መስቀል» እያለ፣
መስቀል፣ መስቀል፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ።
ሲፒዮ በር ላይ ነበር። ሳያልቅ ወጣ።

ከዚያ የአጥር ተመልካችነቱን ለመነን፤ ሌላ አልፈልግም አለ።
ባርኔጣው ዞረ። ከበቆሎው መሃል
አንዲት ባቄላ ተገኘች።
የማን እንደሆነች ማንም አልጠየቀም።
የእኔ ናት።

ወረቀቱን ግን ቃል በቃል ገለበጥኩት፣
ቀለሙን በብብቴ እያሞቅሁ፣
መስቀሎቹን ሳላጎድል። ከበታቹም፦
«ቤርዜሊ ታትል፣ አጥር ተመልካች።
ደሞዝ፦ የለም።»